ሻምበል እንቁላል የጣለ ጊዜ

ሰጎን አምጡልኝ ብዬ እኔ ጠይቄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ዛሬም ማንኩሳ ገበያ ስወጣ «ያቺ ሰጎን ያስመጣችው መምህርት» እያለ በጣቱ የሚጠቁመኝ አይጠፋም። እኔ የጠየቅሁት ካርታ ነው። አንድ የዓለም ካርታና አንድ ካርቶን ጠመኔ። ጥያቄዬን ፍኖተ ሰላም ላለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰጠሁ፤ ፍኖተ ሰላም ለደብረ ማርቆስ አስተላለፈ፤ ደብረ ማርቆስ ለአዲስ አበባ አስተላለፈ፤ አዲስ አበባ ተሰብስቦ መከረና ለገጠር ልጅ ከካርታ ይልቅ ሰጎን ይጠቅመዋል ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ምን ልበል? ጠመኔውም አልመጣ።

ዘመኑ ሃምሳ ስምንት ነው። ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ በስተቀኝ ታጥፎ የአቦ ደብር ያለበት ገጠር አለ። እዚያ መንግሥት አንድ ክፍል የቆርቆሮ ትምህርት ቤት ሠራና እኔን ዓባይነሽን አስተማሪ አድርጎ ላከኝ። አግዳሚው አዲስ፣ ሰሌዳው አዲስ፣ ተማሪ ግን የለም። ኧረ ልዋሽ ነው፣ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የነጭ ለባሹ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ከመንግሥት ጠመንጃ ስለተቀበለ ልጆቹን መከልከል አፍሮ ነው። ሦስተኛዋ አልጣሽ የምትባል የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ናት፤ እሷም የምትመጣው የወፍጮው ጩኸት ጆሮዋን ሲያማት ነው። ሌላው ገበሬ «የመንግሥት ትምህርት ልጅን ጾም ያስፈታል» ብሎ እምቢ አለ።

የትምህርት ኢንስፔክተሩ አቶ ተስፋው በበቅሎ መጥተው ባዶውን አግዳሚ አዩና አፍንጫቸውን አሹ። «ወይዘሪት ዓባይነሽ፣ ይህ እስከ ፋሲካ ካልሞላ አግዳሚዎቹን ቡሬ እወስዳለሁ፤ ቤቱም የእህል መጋዘን ይሆናል» አሉኝ። እሳቸው ሲሄዱ ወደ ክፍሌ ገብቼ አለቀስሁ። ያን ትምህርት ቤት እወደው ነበር። ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ደንቆሮ የሚያደርገውን እንኳ እወደው ነበር።

ገበሬው ልጁን የሚሰጠው አንድ ሰው «ስጡ» ቢል ነው። ያ ሰው የአቦ ደብር የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ አገሩ «የኔታ» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ ወላጅ አባቴ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው። ሴት ልጅ ከቆሎ ተማሪ ጋር አስቀመጡ ተብለው ሲታሙ «ምን ላርግ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ሆኑብኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኜ ስመለስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አቦን! ከእንግዲህ ከአፌ ቃል አታገኝም!» ብለው ማሉ።

ማሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚነግሩኝ ነገር ሲኖር ለበቅሏቸው ይነግሯታል፤ እኔ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። «በቅሎ ሆይ፣ እናቷ በርበሬ ደልዛለች፣ መጥታ ትውሰድ» ይላሉ። እኔም «በቅሎ ሆይ፣ እሺ በይልኝ» እላለሁ። በቅሎዋ ከሁለታችንም የምትሻል ጨዋ ነበረች።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የጧቱ ነገር ነው። ከኪዳን ሲወጡ በቅጽሩ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆሙና ትምህርት ቤቴን ያያሉ። ቆመው ያያሉ፣ በቃ። ዓይናቸውን አይነቅሉም። ባዶ አግዳሚ እየቆጠሩ ልባቸው ቅቤ ይጠጣል እያልሁ አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር። በሩን ጥርቅም አድርጌ እንዳልዘጋ ክፍሉ ይጨልምብኛል።

እንግዲህ መጋቢት አምስት፣ የአቦ በዓል ዕለት፣ ያ የጭነት መኪና አቧራውን እያቦነነ መጣ። አቶ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ፣ ሙሉ ልብስና ክራቫት ያሰሩ የአዲስ አበባ ሰው ወረዱ። ሥራቸው በየገጠሩ ትምህርት ቤት እየዞሩ ለሕፃናት እንስሳት በሕይወታቸው ማሳየት ነው። ሲያዩዋቸው ሰው አይመስሉም፤ መንገዱ ጨርሷቸዋል። ከአዲስ አበባ ሲነሡ ሦስት እንስሳት ነበሯቸው። ዘንዶው ፍኖተ ሰላም ላይ ቀረ፤ አንድ ቄስ ሰይጣን ነው ብለው እንስራ ሙሉ ጠበል ቢያፈሱበት ብርድ መታውና እንደ ገመድ ተጠቅልሎ አልነቃም አለ። የሜዳ አህያዋ ደግሞ እኛን አልፈው ቡሬ ዘልቀው ሳለ ገበያ ላይ ተያዘች፤ የገበያ ዘበኛው «የሰው አህያ ሰርቀህ፣ እንዳትታወቅ ቀለም ቀብተህ!» ብሎ ባለቤቷ እስኪመጣ አስሮ አስቀመጣት።

«ባለቤት ነኝ ብለው የቀረቡት አራት ሰዎች ናቸው» አሉኝ አቶ ሃይለ ሚካኤል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አራቱም ምልክቷን ተናገሩ።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?»

«ሻምበል» አሉና የመኪናውን ሸራ ገለጡ።

በስመ አብ! ከኔ ራስ በላይ አንድ ክንድ የሚረዝም አንገት፣ በአንገቱ ጫፍ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ሰጎን ነው። አቶ ሃይለ ሚካኤል ክራቫታቸውን አስተካክለው በሦስት ተማሪዎች ፊት ቆሙና ንግግራቸውን ጀመሩ። «ውድ ሕፃናት! ይህ ሰጎን ይባላል። ወንድ ነው። ስሙም ሻምበል ነው። ላባው ያልጠቆረው ገና ወጣት ስለሆነ ነው እንጂ ይጠቁራል...»

ከዚህ አላለፉም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፣ ሻምበል በረገገ፣ የመኪናውን ሳንቃ በእርግጫ ገነጠለውና ወጣ። ያን ሩጫ እኔ በፈረስ ጉግስ እንኳ አላየሁም። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ሻምበል በመካከል አልፎ ቅጽሩ ውስጥ ገባና ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። አንገቱን መዘዘ። ጉልላቱን ትክ ብሎ ያይ ጀመር።

እንደ ሌላው ደብር ሁሉ በእኛም ጉልላት ላይ ሰባት የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል። ለምን እንደ ሆነ ሕፃን ያውቃል፤ አባቴ በየዓመቱ ይሰብኩታል። ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው ታቅፋ አይደለም፣ በዓይኗ ነው። ትክ ብላ ታየዋለች። ለአፍታ እንኳ ዓይኗን ካነሣች እንቁላሉ ይበላሻል። እግዚአብሔርም እኛን እንደዚያ ያየናል ነው ትርጓሜው። ይህን ስብከት ስንሰማ ኖረናል፤ ሰጎን ግን ያየ ሰው አልነበረም። አሁን ሰጎን በአቦ ቀን፣ ያውም የአራዊት ጠባቂ በሆኑት በአቦ ቀን፣ ከየት እንደ መጣች ሳይታወቅ ሮጣ ገብታ እንቁላሎቹን ታያለች።

ከዚያ አደይ የሚባሉት አሮጊት መነኩሲት ከበስተኋላ ጮኹ። «እናትየዋ መጣች!»

ከዚያ ወዲያ ያለውን እልልታ ተዉት፤ ማንኩሳ ድረስ ተሰምቷል።

አቶ ሃይለ ሚካኤል እየሮጡ ደረሱ። «አባቶቼ፣ በእግዚአብሔር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሚወድ ነው! ደግሞስ ወንድ ነው!»

አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «የኔ ልጅ፣ ወንድ ከሆነ እንቁላል ምን አፍጥጦ ያያል?»

ሕዝቡ ሳቀ፣ ነገሩ ተቆረጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሻምበል ሴት ሆነች፤ እኔም ከአገሬ ሰው አልለይም፣ ሴት ብያታለሁ።

አንዴ እናት ናት ከተባለ ዘንድ ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው። ይፈለፈላላ! ጣራ ከዳኙ ባዬ በገመድ ጉልላቱ ድረስ ወጥቶ ጆሮውን ለጠፈ። እንቁላሎቹ ብረት ላይ ሲሰኩ ተበስተዋል፣ ነፋስ ይገባባቸዋል። ይህን ባዬ ራሱ ያውቃል፤ አባቱ ናቸው የሰኳቸው። ቢሆንም ከላይ ሆኖ ጮኸ። «ያፏጫሉ! አቦን፣ ውስጥ ሆነው ያፏጫሉ!»

ጫጩቶቹ ከዚያ ከፍታ ቢወድቁ ይሞታሉ ተባለና አገሩ ሁሉ የጤፍ ጭድ እየተሸከመ መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አነጠፈ። ሴቶቹ ጋቢ በአራት ማዕዘን ይዘው በየተራ ቆሙ። አደይ «ክርስትና የማነሣቸው እኔ ነኝ» ብለው ቀድመው አስታወቁ፤ የኔታ ወፍ ክርስትና አይነሣም ቢሏቸው ሁለት ቀን አኮረፉ። ሻምበል ሽምብራና ጎመን ሲሰጧት በላች፤ «ሁዳዴን ትጾማለች» ተባለላት። የዲያቆን ላቀውን የካፖርት ቁልፍ ነጥቃ በዋጠች ጊዜ ትንሽ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ቁልፍ የጾም ነው ተብሎ ታለፈ።

ልጆቹስ? ልጆቹ በሙሉ እዚያ ናቸዋ! የማንኩሳ ሳይቀሩ መጡ። በሕይወቴ ያን ያህል ልጅ ባንድ ቦታ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ባዶ ክፍል ውስጥ ከነጭ ለባሹ ልጆች ጋር ተፋጥጫለሁ። በመጨረሻ እነሱም አመለጡኝ። አልጣሽ ብቻ ቀረች፤ እሷም በመስኮት ነው የምታየው።

ደሜ ፈላ። ሰሌዳዬን ከግድግዳ ነቅዬ ተሸክሜ ወደ ቅጽሩ ሄድሁ። እዚያው ዋርካው ሥር አስተምራለሁ፣ ማን ይከለክለኛል ብዬ። አባቴ ከሻምበል አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በቅሎዋ ስለሌለች ለሰጎኗ ነገሯት።

«ሰጎን ሆይ፣ ለዚያች መምህርት ንገሪልኝ። ቅጽር ውስጥ የመንግሥት ሰሌዳ አይገባም።»

«ሰጎን ሆይ» አልሁ እኔም፣ «የመንግሥት ሰጎን ከገባች የመንግሥት ሰሌዳ ምን አጠፋ በይልኝ።»

«ሰጎን ሆይ፣ አንቺ በእግርሽ ገባሽ በያት። ሰሌዳው እግር አውጥቶ ይምጣ።»

ሰው ሁሉ ከጣራው ዞሮ እኛን ያይ ጀመር። አቶ ሃይለ ሚካኤል ክራቫታቸውን ፈትተው፣ እሳቸውም የአንድ ጋቢ ጫፍ ይዘው ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል። «እርስዎ ደግሞ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። «የተማሩ ሰው አይደሉም?»

«እኔ እንኳ አላምንም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ቢወድቁስ?»

ሰሌዳዬን ተሸክሜ ተመለስሁ። መንገድ ላይ አቶ ተስፋው በበቅሎ ወደ ቡሬ ሲያልፉ አገኙኝ። ሰሌዳ የተሸከመች አስተማሪ፣ ባዶ ትምህርት ቤት፣ ጭድ ላይ የተቀመጠ አገር። ሁሉንም አዩ። «ፋሲካን መጠበቅ አያስፈልግም» አሉ። «ነገ ከቡሬ ስመለስ እቆጥራለሁ። ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ብቻ። ከሌለ መኪና ይመጣል።»

ያን ዕለት ኩራቴን ዋጥሁ። ነጠላዬን አደግድጌ ቅጽሩ ገባሁ፣ ጭዱ ላይ ተንበረከክሁ። ፊቴን ወደ ሻምበል አዞርሁ እንጂ ለማን እንደምናገር ሁሉም ያውቃል።

«ሻምበል ሆይ፣ ለአባቴ ንገሪልኝ። ነገ ትምህርት ቤቴን ሊዘጉት ነው። ልጅ ካልላኩልኝ አለቀልኝ። ሌላ አገር መሄድ አልፈልግም በይልኝ። ያስተማሩኝን ነው የማስተምረው፣ ያው ሀ ሁ ነው በይልኝ።» ከዚህ በኋላ እንባዬ አላናግር አለኝ።

አባቴ ለሰጎኗ መልስ አልሰጡም። ለእኔም አልሰጡም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጠላኋቸው። በእውነት፣ ያን ጊዜ ጠላኋቸው።

በማግሥቱ ጧት ጩኸት ሰማሁ። «ሰጎኗ ጠፋች!» የቅጽሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያን በር ሁልጊዜ የሚቆልፉት አባቴ ናቸው፤ ቁልፉ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ማን ከፈተው ሲባል እሳቸው የመቋሚያቸውን እጀታ ይመረምራሉ።

አገሩ ሁሉ በየጎመን ማሳው፣ በየወንዙ ዳር ሲፈልግ እኔ ሐሞቴ ፈስሶ ወደ ክፍሌ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገፋ ሳደርገው ሻምበል እዚያ ናት። ከሰሌዳው ሥር፣ ዕቃ ለመጠቅለል ያስቀመጥሁት ገለባ ላይ፣ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ደነገጥሁ፣ ከዚያ ነገሩ ሲገባኝ አፈርሁ። ወፏ ያን ሁሉ ቀን ደወል፣ እልልታና የሰው ዓይን አሰልቿት ጭር ያለ ቦታ ስትፈልግ ነው ያደረችው። በአገሩ ውስጥ ሰው የማይደርስበት ቦታ የእኔ ክፍል ብቻ ነበር።

ብድግ አለች። ከሥሯ አንድ የሎሚ ቀለም ያለው፣ የሕፃን ራስ የሚያህል እንቁላል።

አቶ ሃይለ ሚካኤልን ጠራኋቸው። መጥተው እንቁላሉን አዩ፣ ሻምበልን አዩ፣ እንደገና እንቁላሉን አዩ። አግዳሚ ላይ ዘፍ አሉ። «ሻምበል!» አሉ፣ ወዳጅ እንደ ከዳው ሰው። «አራት ዓመት ሙሉ ሻምበል ስልህ!»

ሕዝቡ ወደ ትምህርት ቤቴ ጎረፈ። በሩን ሞልተው ቆሙ እንጂ ደፍሮ የገባ የለም። አደይ አማተቡ። «በሁዳዴ እንቁላል መጣል ምን የሚሉት ድፍረት ነው?»

«ጣለች እንጂ አልበላች» አሉ አባቴ ከበስተኋላ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ያን ደፍ በመሐላቸው ምክንያት ረግጠውት አያውቁም። የሁሉም ዓይን አፋቸው ላይ ነው፤ ጉልላቱ ላይ ያሉት ሰባቱ እንግዲህ የማን ናቸው? ጭዱስ? ጋቢውስ?

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እነዚያ የእግዚአብሔር ናቸው፣ እሱ ያያቸዋል። እሷ የምታየው ይህንን ነው። እናት ዓይኗን እንዳታነሣ ረብሻ አያስፈልግም። ትልልቁ ሰው ውጪ ይቁም። ልጆች ይግቡ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፤ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር።»

ገቡ! እግዚኦ፣ ገቡ። አግዳሚው ሞልቶ መሬቱ ሞላ። አቶ ተስፋው ከበቅሏቸው ወርደው በሩ ላይ ቆሙና አፋቸውን ከፈቱ። እየቆጠሩ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ አለፉ፤ ከፊት ሲደርሱ በቁጥር ላይ ሆነው ሻምበልንም ቆጠሯት። ቀና ሲሉ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጠሙ። ሻምበል እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው መዝዛ ዋጠችው። ከልጆቹ አንድም አልሳቀ፤ የኔታ ትንፍሽ አትበሉ ብለዋላ። አቶ ተስፋው እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል በአውራጃው አይቼ አላውቅም አሉ።

ሞኝ ግን አይደሉም። ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሰጎኗ ስትሄድ እነዚህም ይሄዳሉ። በሆሳዕና ማግሥት መጥቼ እቆጥራለሁ» አሉኝ።

ሰጎኗ ደግሞ መሄዷ አልቀረም። መኪናው ሲሞቅ ሻምበል ከክፍሌ ወጣች፣ የአቶ ሃይለ ሚካኤልን ሽምብራ ተከትላ መኪናው ላይ ወጣች፣ ሄደች። እንቁላሏን ዞራ እንኳ አላየችውም! አንዴም! ሕዝቡ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝቶ እያለቀሰ «ዞር በይ! ዓይንሽን!» እያለ ይለምናታል፤ እሷ የቡሬን ሰማይ ታያለች። ሰው አንገቱን ደፋ። ስብከቱ ፊት ለፊት ከእጃችን ወደቀ። አንዳንዱ አባቴን በጎሪጥ ማየት ጀመረ።

አባቴ ግን አልተበገሩም። «ምን ታድርግ?» አሉ። «የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ተዛወረች።»

«እንቁላሉስ የኔታ?» አለ ባዬ። «ዓይን ያጣል እኮ፣ ይበላሻል።»

አባቴ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞሩ። «ዓይን እኔ አለኝ» አሉ።

በነጋታው ከኪዳን ሲወጡ በቅጽሩ በር ላይ አልቆሙም። ቀጥ ብለው መጡ፣ ደፉን ተሻገሩ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እንቁላሉን እኔ ከሰሌዳው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በጥጥ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እሱን ትክ ብለው ያያሉ። እኔ ከሥሩ ቆሜ አስተምራለሁ። ገበሬው በበሩ እያለፈ አየ፤ የኔታ የተቀመጡበት ቤት ልጄን ምን ያደርገዋል አለና ልጁን ሰደደ። ሁለተኛው ሰደደ። ባዬ ልጁን እናኑን በእጁ ይዞ አመጣት። አደይ ራሳቸው መጥተው ለመግባት ጠየቁኝ፤ ፊደል ይፈልጉ ይሁን እንቁላሉን፣ እስካሁን አላውቅም።

አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። ለበቅሎም፣ ለማንም። ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ በልቤ እንቁላሉን እረግማለሁ። ለአንድ ቅርፊት ይህን ያህል፣ ለእኔ ግን አንዲት ቃል! አንዳንዴ ጠመኔውን አንሥቼ ልወረውርበት ያምረኝ ነበር።

የሆሳዕና ማግሥት አቶ ተስፋው መጡ። ሰጎን የለም፣ ልጆቹ አሉ። ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። «አግዳሚ ይጨመርልዎታል» አሉኝና የአባቴን ጉልበት ስመው ሄዱ።

ትምህርት ቤቴ ተረፈልኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስፈልግ ዓይኔ ከኋላው አግዳሚ ላይ ዐረፈ። አሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው፣ አሁንም ወደ እኔ አቅጣጫ አፍጥጠዋል። አዘንሁላቸው። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ፣ ጠመኔዬን እንደ ያዝሁ፣ ልጆቹ እየሰሙ ተናገርሁ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ይብቃዎት። ይህ እንቁላል አይፈለፈልም። ሻምበል ባል አልነበራትም። ቢያዩት ባያዩት ያው ነው፣ ለምን ዓይንዎን ያደክማሉ?»

አባቴ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ቀስ ብለው መሬት አስነኩት።

«እንቁላሉን ማን አየ፣ ዓባይ?» አሉኝ።

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ያ የቅጽሩ በር፣ ያ ጧት ጧት መቆማቸው ትዝ አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩዋቸዋል፣ የኔታ ለሴት ልጃቸው ተናገሩ ብለው ገርሟቸዋል። አልጣሽ ጠመኔዬን አንሥታ ሰጠችኝ። ፊቴን እንዳያዩብኝ ወደ ሰሌዳው ዞርሁና «በሉ ተከተሉኝ፣ ሀ ሁ ሂ» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፄ አልወጣ አለኝ።

«ሃ ሄ ህ ሆ» ብለው ከኋላ አግዳሚ አባቴ ጨረሱልኝ።